አንድም ሳይሸነፍ፣ የትም ሳይጋበዝ የተበተነው ቡድን፦ የ1951ዱ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል

የኬዛር ተጓዥ (ሳን ፍራንሲስኮ)

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ አስገባኋት። ፍራሽ፣ የሩዝ ማብሰያ፣ አንድ ሻንጣ ሙሉ ጫማ፣ እናቷ በሦስት ላስቲክ የጠቀለለችው በርበሬ፤ ሁሉንም ተሸክሜ ደረጃውን ስመላለስ ከቆየሁ በኋላ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ደጅ ወጣሁ። የማደሪያው ሕንፃ «በርል ቶለር» በሚል ስም ይጠራል። ልጄን ማን ነው ብዬ ብጠይቃት «የፉትቦል ተጫዋች ነበረ መሰለኝ» አለችና ወደ አዲሶቹ ጓደኞቿ ሄደች።

ነገሩ ግራ አጋባኝ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የለውም። ቡድን የሌለው ትምህርት ቤት ሕንፃውን በተጫዋች ስም የሚጠራው ለምንድን ነው? ሕንፃው እስከ 2017 ድረስ የሚጠራው በቀድሞው የከተማዋ ከንቲባ በጄምስ ፌላን ነበር። ፌላን እስያውያንን በመጥላቱ የሚታወቅ ፖለቲከኛ ነው። የእርሱን ስም አንስተው በምትኩ የአንድ ጥቁር ተጫዋች ስም አኖሩበት።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሦስት ሌሊት ሳነብ አደርኩ። የ1951 የውድድር ዘመን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1944 መሆኑ ነው። ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውተው ዘጠኙንም አሸነፉ። ከቡድኑ ዘጠኝ ሰዎች ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ አለፉ፤ ሦስቱ፣ ማለትም ኦሊ ማትሰን፣ ጂኖ ማርኬቲና ቦብ ሴንት ክሌር፣ የታላላቆች መዝገብ ውስጥ ገቡ። ከአንድ የኮሌጅ ቡድን፣ በአንድ ዓመት፣ ሦስት! ሆኖም በዓመቱ መጨረሻ ማንም አልጋበዛቸውም፤ ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲው ቡድኑን ዘጋው። ስለዚህ ቡድን የሚያውቅ ካለ እንወያይ።

የድሮ ግብ ጠባቂ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እንኳን ልጅህን ለዚህ አበቃህ። እኔ እንኳ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን ጨዋታ «የእግር ኳስ» ማለታቸውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። እሱን ልተወውና አንድ ነገር አስረዱኝ፦ ዘጠኝ ከዘጠኝ ያሸነፈ ቡድን ዋንጫውን መብላት አለበት። «አልተጋበዘም» ማለት ምን ማለት ነው? ሠርግ ነው እንዴ?

የዳላስ ሹፌር (ዳላስ)

ጋሼ፣ በትክክል ገብቶዎታል፤ ሠርግ ነው! ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር ስኖር ይህን ጨዋታ በሬዲዮ ሳልሰማ ያለፈ ቅዳሜ የለኝምና ልሞክር።

በዚያ ዘመን የኮሌጅ ፉትቦል ጥሎ ማለፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። ቡድኖች መደበኛ ጨዋታቸውን እስከ ኅዳር ይጨርሳሉ። ከዚያ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን በየከተማው «ቦውል» የሚባል አንድ ትልቅ ጨዋታ ይዘጋጃል፦ ማያሚ ኦሬንጅ ቦውል፣ ኒው ኦርሊንስ ሹገር ቦውል፣ ዳላስ ኮተን ቦውል፣ ፓሳዲና ሮዝ ቦውል። አዘጋጆቹ የከተማው ነጋዴዎችና ባለ ሆቴሎች ናቸው። ሐሳባቸው ሰው እንዲመጣ፣ አልጋ እንዲከራይ፣ ሬስቶራንት እንዲሞላ ነው። የሚጋብዙትም ደጋፊ የሚያጎርፍላቸውንና ከተማዋን «የማያስቸግረውን» ቡድን ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ልብ ይበሉልኝ።

ሮዝ ቦውል በውል የታሰረ ነበር፦ አንዱ ቡድን ከምዕራብ ዳርቻ ማኅበር፣ ሌላው ከመካከለኛው ምዕራብ። የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የማንም ማኅበር አባል ስላልነበረ ያ በር ከመጀመሪያውኑ ዝግ ነው። የሚቀሩት የደቡብ ከተሞች ነበሩ።

የኬዛር ተጓዥ

እናመሰግናለን። በዚህ ላይ አንድ ምፀት ልጨምር፦ የመጨረሻ ጨዋታቸውን ከሎዮላ ጋር የተጫወቱት በሮዝ ቦውል ስታዲየም ነበር። 20 ለ 2 አሸነፉ። በአዲስ ዓመት ቀን ለእነርሱ ዝግ በነበረው ሜዳ ላይ ተጫወቱ ማለት ነው።

አሁን ወደ ውድድር ዘመኑ። አሠልጣኙ ጆ ኩሃሪክ ነው፤ ጠንካራ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው። ዓመቱን የጀመሩት በሰሜን ካሊፎርኒያ ኮርኒንግ በምትባል የወይራ ከተማ በሠፈሩት የልምምድ ካምፕ ነው። በዚያ ሐሩር ውስጥ ያሳለፉትን የልምምድ ቀናት ተጫዋቾቹ ሲያረጁም አልረሱትም። አንዳንዱ ለልምምድ አዲስ ቢሆንም ለመከራ አዲስ አልነበረም። ጂኖ ማርኬቲን ብቻ ውሰዱ፦ የጣልያን ስደተኞች ልጅ ነው፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ወደ ጦርነት ሄዶ በአውሮፓ መትረየስ ተኳሽ ሆኖ ተዋግቷል። ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣው የቆዳ ጃኬት ለብሶ በሞተር ብስክሌት ነው።

ሁሉም የሚያነሱት ግን ኒው ዮርክ ሄደው ከፎርድሃም ጋር ያደረጉትን ጨዋታ ነው። የምዕራብ ዳርቻ ቡድን የቱንም ያህል ቢያሸንፍ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ካላየው አልተጫወተም። ያኔ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ የነበረው ፒት ሮዜል ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። (አዎ፣ በኋላ ከ1960 እስከ 1989 የፕሮፌሽናሉን ሊግ በኮሚሽነርነት የመራው ሮዜል ራሱ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ድንጋይ ብታነሡ ከሥሩ ታዋቂ ሰው ይወጣል።) ጨዋታው 32 ለ 26 አለቀ፤ በዓመቱ ከተፈተኑበት ሁሉ የጠበበው ውጤት ይህ ነው። ያዳናቸው ማትሰን ነው።

ጋሼ ግብ ጠባቂ፣ ለእርስዎ ልሣለው። ተጋጣሚው ኳሷን ከሩቅ በእግሩ ይመታታል። እዚህ ላይ እንኳ እግር አለበት! ኳሷ አየር ላይ ተንጠልጥላ ስትቆይ ማትሰን በራሱ ግብ አቅራቢያ ቆሞ ይጠብቃታል። አሥራ አንድ ሰው ከፊት እየሮጠበት ነው። ያዛት። የራሱ ጓደኞች በመካከል ሽንቁር ይከፍቱለታል፤ ያች ሽንቁር ክፍት የምትሆነው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ዘግይቶ የገባ ይጨፈለቃል። ማትሰን ክብደቱ የተከላካይ፣ እግሩ የአራት መቶ ሜትር ሯጭ ነበርና ከሽንቁሩ ከወጣ በኋላ የሚይዘው አልነበረም። በዚያ ጨዋታ ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረገ፦ አንዱን 94 ያርድ፣ ሌላውን 90 ያርድ። በሜትር 86 እና 82 ገደማ መሆኑ ነው። ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ነው፣ በአንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ።

በዓመቱ በሩጫ 1,566 ያርድ ሸፍኖ፣ 21 ተችዳውን (ኳሷን ይዞ የተጋጣሚን የግብ መስመር ማለፍ ነው) አስቆጥሮ ከአገሩ አንደኛ ወጣ።

ቁጥር ወዳድ (ሲያትል)

ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ግን ቀዝቀዝ ብለን እንየው። ከማን ጋር ነው ዘጠኝ ያሸነፉት? ሳን ሆዜ ስቴትን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት የወታደር ቡድኖችን፣ አይዳሆን። ቴነሲን፣ ሜሪላንድን፣ ሚሺጋን ስቴትን አልገጠሙም። በዓመቱ መጨረሻ የዜና ወኪሉ አሶሺዬትድ ፕሬስ ባወጣው የቡድኖች ደረጃ 14ኛ ነበሩ። ኦሬንጅ ቦውል የጋበዘው ጆርጂያ ቴክንና ቤይለርን ነው፤ ሁለቱም ትልልቅ ቡድኖች ናቸው። «ጥቁር ስላለባቸው ነው» ብቻ ብሎ መደምደም ይከብደኛል።

የዳላስ ሹፌር

ወንድሜ ቁጥር ወዳድ፣ ቁጥር ከወደድክ ይህችን ቁጠርልኝ። በኅዳር ወር ስቶክተን ሄደው ኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክን 47 ለ 14 ደበደቡት። ያ የተደበደበው ቡድን ታዲያ ኤል ፓሶ ላይ በሚደረገው ሳን ቦውል ተጋብዞ ከቴክሳስ ቴክ ጋር ተጫወተ፤ 25 ለ 14 ተሸነፈ። ተሸናፊው ተጋበዘ፣ አሸናፊው እቤቱ ቀረ። የተጋጣሚ ድክመት ብቻውን ይህን አይመልስም።

ቁጥር ወዳድ

ጥሩ ነጥብ ነው፤ ተቀብያለሁ። ሳን ቦውል ግን ኦሬንጅ ቦውል አይደለም፤ ትንሽ ቦውል ነው፣ መመዘኛውም ሌላ ነው። ሁለቱም ምክንያት ተደምሮ ነው የሠራው እላለሁ። ደካማ መርሐ ግብር ሰበብ ይሰጣል፤ ሰበብ ያገኘ ሰው ደግሞ እውነተኛውን ምክንያት መናገር አያስፈልገውም።

የዴሞይኗ ነርስ (ዴሞይን፣ አይዋ)

በዚህ መድረክ ብዙ አልጽፍም፤ ግን ያ ዓመት ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምሠራው ከድሬክ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። የሜዳው ስም ጆኒ ብራይት ይባላል።

ሳን ፍራንሲስኮዎቹ ኒው ዮርክ በተጫወቱበት በዚያው ኦክቶበር ወር፣ በ20ኛው ቀን፣ ድሬክ ወደ ስቲልዎተር ኦክላሆማ ሄዶ ተጫወተ። ብራይት የቡድኑ ኮከብ፣ ጥቁር፣ በመላ አገሪቱ ከሚታወቁት አንዱ ነበር። ጨዋታው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ደቂቃዎች ውስጥ አንድ የተጋጣሚ ተከላካይ ሦስት ጊዜ በክርኑ ፊቱን መታው። ኳሷ ሌላ ሰው ጋ እያለች ነው! መንጋጋው ተሰበረ። ከተሰበረ በኋላም አንድ የ61 ያርድ ተችዳውን ኳስ ወርውሯል። መንጋጋ የተሰበረ ሰው ምን እንደሚመስል በሥራዬ አይቻለሁ፤ ውሃ እንኳ በስትሮ ነው የሚጠጣው። ይህ ሰው ግን ኳስ ወረወረ።

የዴሞይን ጋዜጣ ሁለት ፎቶ አንሺዎች ድብደባውን በተከታታይ ፎቶ ቀርጸው አስቀሩት። ፎቶዎቹ በ1952 ፑሊትዘር የተባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኙ። ተቀጪ ግን አልነበረም፤ ድሬክም ተቃውሞውን ለመግለጽ ከሚወዳደርበት ማኅበር ወጣ። ተጋጣሚው ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት) ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው። ብራይት ያኔ ካረፈ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

እና ወንድሜ ቁጥር ወዳድ፣ የደቡብ ከተሞች አዘጋጆች «ችግር» ሲሉ ምን እንደሆነ ይኸው።

ቁጥር ወዳድ

እህቴ፣ ይህን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

የኬዛር ተጓዥ

እኔም ስሙን እንጂ ዝርዝሩን አላውቅም ነበር።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ እንምጣ። ቡድኑ ውስጥ ሁለት ጥቁሮች ነበሩ፦ ማትሰንና ቶለር። ከቴክሳስና ከሜምፊስ ተወልደው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ ውስጥ አብረው ተጫውተው ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጡ ናቸው። ተጫዋቾቹ እንደሚናገሩት፣ ከሎዮላው ጨዋታ በኋላ ወሬው ደረሳቸው፦ ሁለቱን ትታችሁ ከመጣችሁ ኦሬንጅ ቦውል በሩ ክፍት ነው። ታሪኩ የመጣው ከራሳቸው አንደበት ነው፤ ሲያረጁ ደጋግመው ተርከውታል። ብዙ ክርክር አላስፈለገም ይላሉ። እንቢ አሉ፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። በልቤ የጠበቅሁት ትልቅ ስብሰባ፣ አንዱ ተነሥቶ የሚናገርበት፣ ሌላው የሚያለቅስበት ነበር። ምንም የለም። ከምሳ ዕቃ ላይ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አሉት፣ አለቀ።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው በጀስዊቶች (በካቶሊክ ካህናት ማኅበር) የሚተዳደር፣ ገንዘብ ያጠረው ተቋም ነው። ከተማው ውስጥ ፎርቲ ናይነርስ የሚባለው የፕሮፌሽናል ቡድን በ1950 ትልቁን ሊግ ተቀላቅሎ ዩኒቨርሲቲው በሚጫወትበት በኬዛር ስታዲየም ይጫወት ነበር፤ ተመልካቹ ወደዚያ ነጎደ። በካሊፎርኒያ ያሉ ሌሎች የካቶሊክ ኮሌጆችም በዚያው ሰሞን አንድ በአንድ ፉትቦልን እያቆሙ ነበር፦ ሴንት ሜሪስ፣ ሎዮላ፣ ከዚያ ሳንታ ክላራ። የቦውሉ ገንዘብ ቢገኝ ቡድኑ ይተርፍ ነበር የሚሉ አሉ። ለአንድ ዓመት ያህል ይተርፍ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይመስለኝም። ብቻ ከውድድር ዘመኑ ማብቂያ በኋላ ዘጉት።

የሻለቃው ልጅ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ከላይ «የወታደር ቡድኖች» ተብሎ በንቀት የተጠቀሰ ነገር አይቼ ነው የገባሁት። ጊዜው የኮሪያ ጦርነት ነው። የኮሌጅ ኮከቦች የነበሩ ወጣቶች ተመልምለው በካምፕ ፔንድልተንና በሳን ዲዬጎ ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ነበሩ፤ በዚያም ቡድን አቋቁመው ይጫወቱ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ቡድኖች እንደ ስማቸው ተራ አይደሉም፤ ዕድሜያቸውም ከተማሪ ይበልጣል። አባቴ በዚያው ዓመት በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ነበረ። ተራራ ላይ ሳለ አሜሪካኖቹ ወታደሮች የፉትቦል ውጤት በሬዲዮ ሲያዳምጡና ሲጣሉ ያይ እንደነበር ያጫውተን ነበር። «ኳሱ ሞላላ ነው፣ ጠቡ ግን ክብ ነው» ይል ነበር።

ቁጥር ወዳድ

ወንድሜ፣ ንቀት አልነበረም፤ ግን እርማቱን በደስታ እቀበላለሁ። አባትህን ነፍስ ይማር፣ በሕይወት ካሉም ዕድሜ ይስጥልን።

የሻለቃው ልጅ

አርፈዋል። አሜን።

የድሮ ግብ ጠባቂ

ያ ማትሰን የተባለው ከዚያ ምን ሆነ? ቶለርስ? ሕንፃው በእርሱ ስም የሆነበትን እስካሁን አልነገርከንም እኮ።

የኬዛር ተጓዥ

ማትሰን በ1952 በጋ ሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ሄደ። በ400 ሜትር ነሐስ፣ በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ብር አመጣ፤ በሁለቱም የጃማይካ ሯጮች ቀድመውታል። (የእኛ ሰዎች ኦሊምፒክ የጀመሩት በሚቀጥለው፣ ሜልቦርን ላይ ነው፤ በዚያ ማሞ ወልዴ ሮጧል።) ከዚያ ቺካጎ ካርዲናልስ ገባ፤ አሠልጣኙ ኩሃሪክም በዚያው ዓመት እዚያው ነበር። በ1959 ካርዲናልስ ለሎስ አንጀለስ ራምስ ሲሸጡት በምትኩ የተቀበሉት ዘጠኝ ሰው ነው። አንድ ለዘጠኝ! በ1972 የታላላቆች መዝገብ ውስጥ ሲገባ ማርኬቲም በዚያው ዓመት ነው የገባው።

ቶለር ግን ዕድሉ ሌላ ነበር። ቡድኑን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ከሁሉም የበለጠው ተጫዋች እርሱ ነበረ ይላሉ። በ1952 ክረምት፣ የኮሌጅ ኮከቦች ከፕሮፌሽናሉ ሻምፒዮን ጋር ቺካጎ ላይ በሚያደርጉት ጨዋታ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። አንድም ቀን ፕሮፌሽናል ሳይጫወት ቀረ።

አስተማሪ ሆነ፤ ቀጥሎም በሳን ፍራንሲስኮ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር። በ1965 ደግሞ የቀድሞው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛቸው ሮዜል በሚመራው ሊግ ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ ሜዳ ገባ። ሃያ አምስት የውድድር ዘመን ዳኘ፤ በ1980 በተደረገው የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውልም ላይ ዳኝቷል። በሳምንቱ ልጆች ያስተምራል፤ እሑድ እሑድ ባለ መቶ ኪሎዎችን ይገሥጻል። በ2009 አረፈ።

የዴሞይኗ ነርስ

እንዴ! ጆኒ ብራይትም እኮ ካናዳ ሄዶ ተጫውቶ፣ ኤድመንተን ከተማ ውስጥ ርእሰ መምህር ነው የሆነው። ሁለቱም!

የዳላስ ሹፌር

ለዚያ ሁሉ ነገር የሰጡት ምላሽ ልጆችን ማስተማር ሆነ ማለት ነው። እግዚኦ።

ቁጥር ወዳድ

እኔ አሁንም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሁላችንም የምንዘረዝረው የታወቁትን ነው፦ ማትሰን፣ ማርኬቲ፣ ሴንት ክሌር፣ ሮዜል። ከቡድኑ ውስጥ ግን ፕሮፌሽናል የመሆን ተስፋ ያልነበራቸው ብዙ ልጆች ነበሩ። ለእነርሱ ማያሚ የመጨረሻዋ ዕድል ነበረች፦ ባቡር ተሳፍሮ፣ ሰው በሞላበት ስታዲየም፣ እናት በሬዲዮ እያዳመጠች። ማትሰን በማግስቱ ኦሊምፒክ አለው። እነርሱ ምን አላቸው? እንቢ ማለት ከባድ የነበረው ለእነርሱ ነው።

የኬዛር ተጓዥ

ወንድሜ፣ ይህ ከጻፍነው ሁሉ ይበልጥብኛል። ሕንፃ በስማቸው የማይጠራው እነርሱ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ2006 በሕይወት ለነበሩት የቡድኑ አባላት የክብር ዲግሪ ሰጥቷቸዋል፤ ያኔ ሰባዎቹን ዘልቀው ነበር። ለልጄ በስልክ ስነግራት «አባዬ፣ እኔ እኮ የማውቀው የልብስ ማጠቢያው ክፍል የት እንደሆነ ብቻ ነው» አለችኝ።

የድሮ ግብ ጠባቂ

ያ ሴንት ክሌር የተባለውስ? ስሙ ብቻ ተነሥቶ ዝም ተባለ።

የዳላስ ሹፌር

ጋሼ፣ እሱን ለእኔ ይተዉት! ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስድስት ሳንቲም። የተማረበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከኬዛር ስታዲየም ፊት ለፊት ነው፤ በኬዛር በተማሪነት ተጫወተ፣ በዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ ቡድኑ ሲዘጋበት አንድ ዓመት ቱልሳ ሄዶ፣ ተመልሶ በፎርቲ ናይነርስ ማልያ እዚያው ኬዛር ላይ ተጫወተ። በኋላ የዴሊ ሲቲ ከንቲባም ሆኗል። ዛሬ ሜዳው በስሙ ነው የሚጠራው። ዋናውን ግን አልነገርኳችሁም፦ ሥጋ የሚበላው ጥሬውን ነበር። የቡድን ጓደኞቹ ሲያዩት ከማዕድ እየተነሡ ይሸሹ ነበር!

የድሮ ግብ ጠባቂ

አሁን ገና ሰው አገኘን! የሸሹት እነርሱ ናቸው እንጂ እርሱ ምን አጠፋ? ያለ አዋዜ፣ ያለ ሚጥሚጣ ነው እንዴ የበላው? ምስኪን።

የኬዛር ተጓዥ

እኔ ሁልጊዜ ጠዋት የምራመደው በዚያው በኬዛር ሜዳ ዙሪያ ነው፤ ስሙን ሳላውቅ ስንት ዓመት ዞርኩት። በቤይ አካባቢ ያላችሁ ቅዳሜ ኑ፣ አብረን እንራመድ፤ ከዚያ ለሴንት ክሌር መታሰቢያ ቁርጥ እኔ እጋብዛለሁ።

የዴሞይኗ ነርስ

ወንድሜ፣ ፍልሰታ እኮ ነው።

የኬዛር ተጓዥ

አይ እኔ! እንግዲያው ጾሙ ሲፈታ።